ሮሜ 13 ወይስ የሐዋርያት ሥራ 5? የወንጌል አማኝነትና የፓርቲ ታማኝነት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ አንሥቶ በአገራችን ታሪክ መመርመር ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ አንድ የወንጌል አማኝ ክርስቲያን የአንድ የፖለቲካ ፓርቲ አባል ወይም ደጋፊ ሲሆን፣ ሁለቱ ታማኝነቶች የሚጋጩት የት ላይ ነው? አንዳንዱ ሰው «ሃይማኖትና ፖለቲካ አይገናኙም» ብሎ ጥያቄውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «እግዚአብሔር የሾመውን መቃወም ኃጢአት ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች ለክርክር ያመቹ እንደሆነ እንጂ፣ በመካከል ላይ ያለውን ሰው ኑሮ አይገልጹም።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ትንሽ ልበል። «የወንጌል አማኞች» የምለው በተለምዶ ፕሮቴስታንት ወይም ጴንጤ የሚባሉትን ነው። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ሲጀመር ስድብ ነበር፤ ዛሬ ባለቤቶቹም ራሳቸውን ሲጠሩበት ይሰማል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ነበሩ። ኦርቶዶክሶች 43.5፣ ሙስሊሞች ደግሞ 33.9 በመቶ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ይህ ግን ተቋማትን የሚለይ ድንጋጌ ነው። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያሉትን ሁለት ታማኝነቶች የሚለይ አንቀጽ የለም።

በአማኞቹ ዘንድ ጉዳዩ ሲነሣ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ሳይጠቀሱ አይቀሩም። አንደኛው ሮሜ 13 ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ምእመናን ለባለ ሥልጣናት እንዲገዙ የጻፈበት። ሁለተኛው የሐዋርያት ሥራ 5 ነው፤ ሐዋርያት በኢየሱስ ስም እንዳያስተምሩ በሸንጎ ሲከለከሉ፣ ከሰው ትእዛዝ የእግዚአብሔርን እንደሚያስቀድሙ የመለሱበት። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ናቸው፤ ሁለቱም ይሰበካሉ። የኔ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ሰውየው የትኛውን ጥቅስ እንደሚያነብ ብቻ ሳይሆን ማን ሥልጣን ላይ ሲሆን እንደሚያነበው ብንመለከት፣ ታማኝነቱ ወዴት እንዳዘነበለ ማወቅ እንችላለን።

አዋሽ ላይ ጥያቄው ምን ይመስላል?

እኔ ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ከተማችን በምድር ባቡር ምክንያት የተቆረቆረች፣ ዛሬም የጅቡቲ ከባድ መኪና ሳያልፍባት የማያድር ከተማ ናት። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው፣ ትግሬው አንድ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ክልሉ ግን የሙስሊም ክልል ነው፤ በዚያው ቆጠራ ከአፋር ሕዝብ ከመቶ 95 ያህሉ ሙስሊም ነበር። እንደኔ ቤተሰብ ያሉ የወንጌል አማኞች ቁጥራችን በጣም ትንሽ ነው።

ትንሽ መሆን ሰዎች ስለ እኛ የሚሉትን በደንብ እንድንሰማ ያደርጋል። ዘይት በተወደደ ቁጥር አብሮኝ የተማረ የአፋር ልጅ «ምን ነካው ይሄ መንግሥታችሁ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀልድ ነው፣ አልተቀየምኩም። ነገር ግን «ችሁ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወንጌል አማኝ ስለሆኑ፣ መንግሥቱ የእኔ፣ የዘይቱም ዋጋ የእኔ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። የሚገርመው ሰፈራችን ውስጥ ለገዥው ፓርቲ ስብሰባ የሚጠሩት፣ አባል የሚመዘግቡት ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው። የብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት የአፋር ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲም ተዋህዶበታልና አፋር ውስጥ ካድሬው ባብዛኛው ሙስሊም መሆኑ የሚጠበቅ ነው። እንግዲህ «የጴንጤ ፓርቲ» የሚባለው ነገር አዋሽ ላይ ሲደርስ አይሠራም።

ይህ ቀልድ ነበር። ቀልድ ያልሆነው የመጣው በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አፋር ገባ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሚሌ መንገድ ሊቆረጥ ነው እየተባለ ከተማው ሁሉ ተጨነቀ፤ የኛ ሰው ኑሮው መንገዱ ነውና። በጉባኤያችን ለአገር ይጸለይ ነበር። ለአገር መጸለይ የነበረና የሚኖር ነው። ቆይቶ ግን ጸሎቱ «ለሠራዊታችን ድል ስጥ፣ ጠላትን አዋርድ» ወደሚል ሄደ። ትግራይ የተወለዱ አንዲት እናት አብረውን ያመልኩ ነበር። ሌላው አሜን ሲል ሰዎች ዐይናቸውን ገልጠው እሳቸውም አሜን ይሉ እንደሆነ አፋቸውን ሲመለከቱ አይቻለሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እሳቸው ግን ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ፤ ከዚያም አልፎ አልፎ ብቻ መምጣት ጀመሩ። አሜን የእምነት ቃል መሆኗ ቀርቶ የፖለቲካ አቋም መለኪያ ሆና ነበር። ለኔ የዚህ ርእስ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ፓርቲውና መንግሥቱ ጸሎት ውስጥ ሲገቡ ከጉባኤው አንድ ሰው ይወጣል።

ከወንበሩም ከእስር ቤቱም

ለመሆኑ ይህ ነገር አዲስ ነው? አይደለም። በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም በዚያው ጊዜ የመንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. መርተዋል። ደርግ ሲመጣ ከሌሎች ባለ ሥልጣናት ጋር ታሰሩ፤ ከእስር ወጥተውም መሪነታቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ ወንበሮች የተገናኙት ዛሬ አይደለም።

በዚያው በንጉሡ ዘመን ደግሞ ሌላ ገጽታ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጀማሪዎቿ መካከል የነበሩባት የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ዕውቅና ጠይቃ ተከለከለች። በ1964 ዓ.ም. ምእመናኗ አዲስ አበባ ውስጥ አምልኮ ላይ ሳሉ በብዛት ተይዘው ታሰሩ። አንዱ ወንጌል አማኝ በሚኒስትር ወንበር፣ ሌላው በወህኒ ቤት ማለት ነው። በመጀመሪያው ወንበር የተቀመጠ ሰው ሮሜ 13ን፣ ወህኒ ያለው የሐዋርያት ሥራ 5ን ቢወድ ምን ይደንቃል?

ቄስ ጉዲና ቱምሳ

በዚህ ርእስ ላይ የቄስ ጉዲና ቱምሳን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ወንጌል መስበክና የሰውን ልጅ ኑሮ ማሻሻል አይነጣጠሉም፣ ሰው ነፍስም ሥጋም ነው የሚል ነበር። እንግዲህ እሳቸው «ፖለቲካ አይመለከተኝም» የሚሉ ሰው አልነበሩም።

አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙ የወንጌል አማኞች፣ በተለይ በምዕራብና በደቡብ ያሉት፣ ተደስተው ነበር። ጭሰኛ የነበረ ሰው መሬት ሲያገኝ እንዴት አይደሰት? መንግሥቱ የፍትሕ መንግሥት ነው ብሎ መደገፍ በዚያን ጊዜ ከእምነት ጋር የሚጋጭ አይመስልም ነበር። ግጭቱ የመጣው ደርግ ቤተ ክርስቲያን የርዕዮተ ዓለሙ አገልጋይ እንድትሆን ሲፈልግ ነው። ቄስ ጉዲና በ1968 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመውን የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የትብብር ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት መሩ። ወዳጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ ቢመክሯቸው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኡራኤል በሚገኘው መካነ ኢየሱስ ካገለገሉ በኋላ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታስረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበር፤ ጫካ ገብቶ እዚያው ሞተ። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ የፖለቲካ ድርጅት መረጠ፣ ሌላው በመድረኩ ላይ ቆየ። ቄስ ጉዲና ለወንድማቸው ድርጅት መድረካቸውን ሰጡ ወይ? አልሰጡም። ለደርግስ? አልሰጡም። እኔ ከእሳቸው የተማርኩት ይሄንን ነው፤ ስለ ድሀው መሬት፣ ስለ ፍትሕ ተናገሩ፤ መድረኩን ግን ለወንድምም ለመንግሥትም አላከራዩም።

አንድ ጣቢያ፣ ሁለት ጌታ

ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀርበን ምሳሌ ደግሞ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ተቋቁሞ የካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥርጭት ጀመረ። በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካና እስያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይተላለፍ ነበር። ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ዜናና ትምህርታዊ ዝግጅትም ነበረው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው።

ማሠራጫው ያው ነው። ስቱዲዮው ያው ነው። የተለወጠው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ «የማይተቸው ጌታ ማን እንደሆነ» ነው። መድረክም እንደዚሁ ነው። ሰባኪው ያው፣ መጽሐፉ ያው፣ ድምፅ ማጉያው ያው ሆኖ ሳለ ከዕለታት አንድ ቀን ስብከቱ የፓርቲ ዜና ሊሆን ይችላል። ጣቢያውን በጉልበት ወረሱት፤ መድረኩ ግን ብዙ ጊዜ በውዴታ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ሲሰጥ የማይታወቀው።

ውለታ

በደርግ ዘመን የሙሉ ወንጌል አዳራሾች ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ተከፈተ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ ጋዜጠኛ የሚስተው ነገር አለ፤ የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሐዋርያዊት ናት፤ በሥላሴ ትምህርት ስለምትለይ ሌሎቹ የወንጌል አማኞች ከእነሱ ጋር አይቆጥሯትም። የመንገድ ወሬ ግን ሁሉንም «ጴንጤ» ብሎ ይጨርሰዋል። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን ያዙ፤ እሳቸው የሙሉ ወንጌል አማኝ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ዕውቅና የተነፈገችው ቤተ ክርስቲያን አባል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በፓርላማ አዋጅ ተቋቋመ፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በዚያው ሰሞን እንዲሁ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

ይህንን ሁሉ ያየ የአንድ ትውልድ አማኝ ምን ይሰማዋል? ወህኒ የሚያውቅ ሽማግሌ ቤተ መንግሥት ውስጥ ጸሎት ሲደረግ ቢያይ እንባው ቢመጣ አልፈርድበትም። ይህ ደስታ ግን በአማርኛችን ስም አለው፤ ውለታ ይባላል። እኛ አገር ውለታ ያለበት ሰው አፉ ይታሰራል። ውለታ ቢስ መባል ከሌባነት የማይተናነስ ስድብ ነው። ታዲያ በ1971 ዓ.ም. የሐዋርያት ሥራ 5ን ይዞ የቆመ ጉባኤ ዛሬ ሮሜ 13ን ብቻ ቢያነብ፣ ምክንያቱ የመጽሐፉ ትርጉም መለወጡ ነው ወይስ ውለታው?

ፍትሐዊ ለመሆን የተቃራኒውን ክርክርም ላቅርብ። አንድ ሰው «ደርግ እግዚአብሔርን ካዱ አለን፣ የዛሬው መንግሥት አላለንም፤ ስለዚህ ጥቅሱ ቢለወጥ ልክ ነው» ሊለኝ ይችላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ጥቅስ እንደ ሁኔታው ይመረጣል፤ ጥያቄው ሁኔታው የሚለካው በምንድን ነው የሚለው ነው። ገዥው በሚያደርገው ነገር ከተለካ ልክ ነው። ገዥው ማን እንደሆነ፣ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ታይቶ ከተለካ ግን መለኪያው ፓርቲ እንጂ እምነት አይደለም። ከዚህም ሌላ የወንጌል አማኞች በተቃዋሚ ፓርቲዎች ውስጥም አሉ። እነሱም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደሉም፤ መሪያቸው ሲሳሳት የሐዋርያት ሥራ 5 ትዝ ይላቸው እንደሆነ መጠየቅ አለባቸው።

ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ

ይህ ፈተና የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርጫ ከነጭ ወንጌላውያን ከመቶ 80 ያህሉ ዶናልድ ትራምፕን መረጡ። ክርስቲያኒቲ ቱደይ የሚባል መጽሔት አለ፤ ሰባኪው ቢሊ ግርሃም እ.ኤ.አ. በ1956 የመሠረተው ነው። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ማርክ ጋሊ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 በርእሰ አንቀጹ ትራምፕ ከሥልጣን መነሣት እንዳለበት ጻፈ። ያስገረመኝ ድፍረቱ ብቻ አይደለም። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በቢል ክሊንተን ላይ የመሪ ሥነ ምግባር ዋጋ አለው ብሎ ጽፎ ነበር። ጋሊ ያንኑ የቆየ ጽሑፍ አንሥቶ፣ ለዴሞክራቱ የተናገርነው ለሪፐብሊካኑም ይሠራል አለ። በምላሹ ወደ 200 የሚጠጉ የወንጌላውያን መሪዎች ተቃውሞ ጻፉ፤ ከአንባብያንም ኮንትራታቸውን የሰረዙ ነበሩ፣ አዲስ የተመዘገቡም ነበሩ።

ሰው በጋሊ ድምዳሜ ላይ ላይስማማ ይችላል። ዘዴው ግን ለኔ ትምህርት ነው። ከጓዳ የድሮውን ሚዛን አውጥቶ የራሱን ወገን መዘነበት። የእምነት ሰው ከፓርቲ ሰው የሚለየው በዚህ ይመስለኛል።

ለኛ ለጋዜጠኞች

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚሆን ምን እናውጣ? እኔ አራት ነገር ይታየኛል።

1. ማን እንደተናገረ መለየት። ምእመን፣ አጥቢያ፣ ቤተ እምነትና ካውንስል አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰባኪ መንግሥትን አመሰገነ ማለት «የወንጌል አማኞች ደገፉ» ማለት አይደለም። አንድ ሰባኪ ተቃወመ ማለትም «የወንጌል አማኞች ተነሡ» አይደለም። ዜናችን ውስጥ «ጴንጤዎች» ብለን ስንጽፍ አዋሽ ላይ ያለውን አንድ ልጅ የዘይት ዋጋ ተጠያቂ እያደረግነው ነው።

2. ቃላትን መጠንቀቅ። «ብልጽግና» የሚለው ቃል ዛሬ ሁለት ቤት አለው። አንዱ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የተመሠረተው ፓርቲ ነው። ሁለተኛው «የብልጽግና ወንጌል» የሚባለው፣ እምነት ሀብትና ጤና ያስገኛል የሚል ትምህርት ነው፤ ይህንን ትምህርት የወንጌል አማኞች ራሳቸው አጥብቀው ይከራከሩበታል። ሁለቱን በማሽሟጠጥ ማቀላቀል ለቀልድ ይመች ይሆናል፤ ዘገባ ላይ ግን ማስረጃ ይጠይቃል።

3. «መቼ?» ብሎ መጠየቅ። አንድ የሃይማኖት መሪ ጥቅስ ጠቅሶ የፖለቲካ አቋም ሲይዝ፣ ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ላይ በነበረ ጊዜ ምን ብሎ እንደነበር መዝገብ ቤት ገብቶ መፈለግ ነው። ተመሳሳይ ከሆነ ጽናቱን እንጻፍ። ከተለያየ ደግሞ ለምን እንደተለያየ እሱን ራሱን እንጠይቅ፤ ጥሩ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና መልሱን ሳንሰማ አንፍረድ።

4. የራሳችንን ወንበር ማወቅ። ከእኛ መካከል የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ አለ፣ የመስጊድ ልጅ አለ፣ የፓርቲ አባልም አለ። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚዘገበው ጉዳይ የራሳችን ጉባኤ ወይም የራሳችን ፓርቲ ከሆነ ለአዘጋጁ ነግሮ ሥራውን ለባልደረባ መልቀቅ፣ ወይም ቢያንስ ጽሑፉን የሌላ እምነት ሰው እንዲያነበው መስጠት ይጠቅማል። እኔ ይህንን ረቂቅ መጀመሪያ ያስነበብኩት ለአንድ ሙስሊም የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ለራሳችሁ አዳላህ» ብሎ አስምሮበታል። ሁለቱንም እንደገና ጽፌያቸዋለሁ።

ማጠቃለያ

ክርስቲያን ፓርቲ ውስጥ አይግባ የሚል ሐሳብ የለኝም። ገብቶ ቢሠራ፣ ቢመርጥ፣ ቢመረጥ መብቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ድሀውና ስለ ፍትሕ ዝም ትበል የሚልም ሐሳብ የለኝም፤ ቄስ ጉዲና ዝም አላሉም። የኔ ነጥብ ስለ መለኪያው ነው። ሮሜ 13ን ስንወደው፣ የማንወደው ሰው ሥልጣን ቢይዝም እንደዚሁ እናነበዋለን ወይ? የሐዋርያት ሥራ 5ን ስናነሣ፣ የኛ የምንለው ሰው ቢያጠፋም እናነሣዋለን ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የሚል ሰው የየትኛውም ፓርቲ አባል ቢሆን እምነቱ በቦታው አለ። ለአንዱ ብቻ «አዎ» የሚል ግን ጥቅሱ የሱ አይደለም፤ የፓርቲው ነው።

ለጋዜጠኛም ፈተናው ያው ነው። እኛ ጥቅስ ባንጠቅስ የሙያ ሥነ ምግባር እንጠቅሳለን። ሚዛናዊነት የሚለውን ቃል ትዝ የሚለን የማንወደው ወገን ሲናገር ብቻ ከሆነ፣ ማይክራፎናችን ተወርሷል፤ ወራሹም በጉልበት አልመጣም።